ግማሽ ኪሎ እና ሦስት ሩብ እኩል ናቸው ሲባል

ባሕር ዳር ውስጥ ከሰዓት በኋላ ልጆችን ሒሳብ አስጠናለሁ። ክፍልፋይ ላይ የሚሳሳት ልጅ ብዙ ነው፣ ስህተቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያው አንዱ ነው። የማወራው ላዕልና ታህትን (የክፍልፋይን የላይኛና የታችኛ ቁጥር) ስለሚለይ፣ የማባዛት ሠንጠረዡንም ስለሚያውቅ ልጅ ነው።

ምልክቱ ይሄ ነው። ለ1/2 አቻ ክፍልፋይ፣ ማለትም በመጠን እኩል የሆነ፣ ጻፍ ሲባል 3/4 ይጽፋል። ለ2/3 ደግሞ 4/5። "እንዴት አገኘኸው?" ስትሉት "ላይም ታችም ሁለት ጨመርኩ" ይላችኋል፣ በሙሉ ልብ።

ምክንያቱ ስንፍና አይደለም። ልጁ የተነገረውን ነው የሠራው። "ላይ ያደረግኸውን ታችም አድርግ" ተብሏል። ይህች አባባል በየደብተሩና በየፎቶ ኮፒው አለች፤ ባየኋት ቁጥር ታናድደኛለች። ምን ያድርግ? መደመርም ማድረግ ነው፣ ማባዛትም ማድረግ ነው። ልጅ ደግሞ የሚቀለውን ይመርጣል። እባካችሁ "አድርግ" አትበሉ። "አባዛ" ወይም "አካፍል" በሉ።

አንዲት የዘጌ ቡና የምትሸጥ እናት "መምህር፣ ልጄ ክፍልፋይ እንቢ አለው" ብላ አምስተኛ ክፍል ልጇን አመጣችልኝ። ደብተሩን ገለጥኩት። ከአሥር ጥያቄ ስምንቱ ኤክስ፣ ስምንቱም በዚሁ ስህተት። ለምን እንደተሳሳተ አንድ ቃል የጻፈለት የለም። እኔም የእናቱን ሚዛን አስመጣሁ። በአንዱ ሰሃን የግማሽ ኪሎ ድንጋይ አስቀመጥኩ። "በዚህኛው ያንተን 3/4 አድርግ" አልኩት። ሦስት የሩብ ኪሎ ድንጋዮች ደረደረ። ሚዛኑ ወደሱ በኩል ዘጭ አለ። ዝም ብሎ አየው፣ ከዚያ ማንም ሳይነግረው አንዱን ድንጋይ አነሳ። ሚዛኑ ተስተካከለ። "ሁለት ሩብ... 2/4 ነው!" አለ። ከዚያ ወዲህ ሁለት አልጨመረም።

ሚዛን ከሌላችሁ ወረቀት እጠፉ። እንጀራ በእጅ እየቆረሳችሁ ግን አታሳዩ፤ ቁራሹ እኩል ስለማይወጣ ልጁን ይብስ ታምታቱታላችሁ። ወረቀቱን ለሦስት አጥፋችሁ ሁለቱን እጥፍ አቅልሙ። 2/3 ነው። አሁን በሌላ አቅጣጫ ለሁለት እጠፉት። እያንዳንዱ ክፍል ለሁለት ስለተከፈለ ጠቅላላው 6፣ የቀለመው 4 ሆነ። 4/6። ቀለሙ አልሰፋም፣ አልጠበበም። ላዕልም ታህትም በ2 የሚባዙት ለዚህ ነው፤ 2/2 ማለት አንድ ስለሆነ በአንድ ማባዛት መጠን አይለውጥም።

ማረጋገጫው አመሳቅሎ ማባዛት ነው፦ የአንዱን ላዕል በሌላው ታህት። ለ2/3 እና 4/5፣ 2×5 አሥር፣ 3×4 አሥራ ሁለት። አይገጥሙም፣ አቻ አይደሉም። ለ2/3 እና 4/6 ሁለቱም 12 ይመጣሉ።

ይህን በጊዜ ካላረማችሁት አብሮ ያድጋል። ስምንተኛ ክፍል ደርሳ (2+3)/(2+5) ላይ ሁለቶቹን ሰርዛ 3/5 ያለችኝ ልጅ አለች። መልሱ 5/7 ነው። በሽታው ያው ነው፦ መደመርን እንደ ማባዛት መቁጠር።

ሌላው ምልክት ደግሞ ልጁ 7/4 በትክክል ያገኝና ደንግጦ አጥፍቶ 4/7 ይጽፋል። እዚህ ላይ ጥፋቱ የስሙ ነው። ላዕሉ ከታህቱ ስለበለጠ "ሕገ ወጥ ክፍልፋይ" ሲባል ልጅ ወንጀል የሠራ ይመስለዋል። ሰባት የሩብ ኪሎ ድንጋይ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ማን ከለከለ? አራቱ አንድ ኪሎ ሞሉ፣ ሦስት ሩብ ተረፈ። 7 ለ4 ሲካፈል 1 ደርሶ 3 ይቀራል፤ 1 ከ3/4። ትክክለኛ ቁጥር ነው፣ አታስጠፉት። 4/4ም ከዚሁ ወገን ነው፤ ላዕሉ ከታህቱ እኩል ሲሆንም ሕገ ወጥ ይባላል።

2 ከ1/3ን ወደ ሕገ ወጥ ሲቀይር 3/3 ከጻፈ፣ ሁለቱን በ3 ማባዛት ረስቶ ደምሯል፤ 2×3+1፣ 7/3 ነው።

18/24ን አቃልሎ 9/12 ላይ ካቆመ፣ ገና በ3 ይካፈላል፤ 3/4።

ታህቱ ዜሮ ከሆነ ጥያቄው ራሱ ተሳስቷል፣ ልጁን አትቆጡ።