የኤአይን ጣጣ ለማጥናት ከዩኒቨርሲቲ ብር እንዴት ይወጣል?

ቱሉ ዲምቱ፣ ቂሊንጦ፣ ኮዬ ፈጬ አካባቢ ያላችሁ መምህራንና የማስተርስ ተማሪዎች፣ ይሄ ለእናንተ ነው። ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ሰው ኑሮ ላይ ምን እያመጣ እንደሆነ ማጥናት ፈልጋችሁ ብሩ ከየት ይምጣ ላላችሁ።

መጀመሪያ ርዕሱን አጥብቡት። «ኤአይ በኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ላይ ያለው ተጽእኖ» የሚል ፕሮፖዛል ገምጋሚው ሁለተኛ ገጽ ሳይደርስ ይጥለዋል፣ እኔም አልፈርድበትም። «ተማሪዎች ስለ ቻትጂፒቲ ያላቸው አመለካከት» የሚለውም ተሰልችቷል። መጠይቅ ቴሌግራም ላይ በትኖ ማስሞላት ስለሚቀል ሁሉም እዚያው ተኮልኩሏል። ይልቅ ከደጃችሁ ጀምሩ። ማታ ከቦሌ ኮዬ ሰው የሚያደርሰው የራይድ ሹፌር ዋጋውን የሚተምንለት አፕ ነው፤ ባዶውን የሚመለስበትን ነዳጅ ማን አሰበለት? ጉልት የምትሸጥ እናት በስልኳ ያለ መያዣ ብድር ጠይቃ ስትከለከል ምክንያቱን ማን ይነግራታል? ሐምሌ 2014 የወጣው የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲስተሙ ውስጥ ያለው ዳታ ተነካክቷል ተብሎ መሰረዙን ታስታውሳላችሁ። ያ ኤአይ አይደለም። ግን ስንት ዓመት የቆጠበ ሰው ከዚያ ወዲህ «ሲስተሙ ነው የወሰነው» ሲባል ያምናል ወይ የሚለው ገንዘብ የሚያስገኝ ጥያቄ ነው፣ መልሱ ያለውም ጎረቤት ቤት ነው።

ዋናው ጣጣ ቀጥሎ ይመጣል። ርዕሱ ባለቤት የለውም። የኮምፒውተር ሳይንሱ ገምጋሚ «የሠራችሁት የኤአይ ሞዴል የታለ? አኩረሲው (ትክክል የመመለስ መጠኑ) ስንት ነው?» ይላል፣ የሶሲዮሎጂው ደግሞ «ይሄ የእነሱ ነው» ብሎ ይገፋዋል። ስለዚህ ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ሰው ያዙ። ለፊርማ ብቻ ሳይሆን ጥያቄውን አብሮ የሚቀርጽ ይሁን። ቂሊንጦ ያለው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ከሆናችሁ ተባባሪ ተመራማሪ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ ፈልጉ። ሜቶዶሎጂው ላይም «ይህ ጥናት ሞዴል አይሠራም፤ ሞዴሉ የወሰነባቸውን ሰዎች ያጠናል» ብላችሁ በግልጽ ጻፉ። ይቺን ዓረፍተ ነገር ያልጻፈ ሰው ግምገማው ላይ ሲከራከር ይውላል።

ጥናቱ ማን ጠረጴዛ ላይ እንደሚደርስም ንገሯቸው። አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩት ከ2012 ጀምሮ አለ፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። አዋጁ ለዚያች ጉልት ሻጭ ምን እንደሚያደርግላት ከጠየቃችሁ «ፋይዳው ምንድነው?» የሚለው ክፍል ራሱን ይጽፋል።

በጀቱ ላይ ላፕቶፕ አትከምሩ። የመንግሥት ግዢ ፕሮፎርማው፣ ኮሚቴው፣ ጨረታው እያለ ዓመቱን ይበላዋል። አብዛኛውን ለመረጃ ሰብሳቢ አበልና ለትራንስፖርት አድርጉት፣ አፋን ኦሮሞ የሚችል ሰውም ይኑር። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ስለዚህ ቅድሚያ የወሰዳችሁትን ብር በደረሰኝ ቶሎ ቶሎ አወራርዱ፣ ያላወራረደ ሰው ሁለተኛውን ክፍያ ባያየው አይገረም። የመስክ ሥራውን ከጥቅምት እስከ ግንቦት ጨርሱት፤ ክረምት ላይ የኮዬን ጭቃ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ሥነ ምግባር ኮሚቴው ጊዜ ይወስዳልና ቀድማችሁ አስገቡ። የትብብር ደብዳቤም አትርሱ። ኮዬ ፈጬ ሸገር ከተማ ስር ስለሆነ ለአዲስ አበባ ወረዳ የተጻፈ ደብዳቤ እዚያ አይሠራም፣ ሁለት አጽፉ።

የዩኒቨርሲቲው ብር ትንሽ ነው። ለፓይለት (ለትንሽ የሙከራ ጥናት) ግን ይበቃል፣ የውጭ ሰጪዎች ደግሞ የሚጠይቁት የፓይለቱን ውጤት ነው። የካናዳው የምርምር ድጋፍ ሰጪ አይዲአርሲና የስዊድኑ የልማት ድርጅት ሲዳ በፈረንጆቹ 2020 የጀመሩት የአፍሪካ ኤአይ ፕሮግራም እንዲህ ያለ ጥናት ሲደግፍ ቆይቷል። እንዲህ ዓይነት ጥሪ ሲወጣ የዩኒቨርሲቲው ፊርማና ማኅተም ያስፈልጋል፣ ቀኑ ሊያልቅ ሲል ደግሞ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ነው።