ካምፓስ ያስፋፋ ፕሬዚዳንት ጡረታ ሲወጣ የስራ ታሪኩን እንዴት እንጻፍለት

እዚህ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የዩኒቨርሲቲ ሰራተኛ ብዙ ነው፣ ሽኝት ሲደርስ "እባክህ ለአለቃችን አንድ ነገር ጻፍልን" የሚል ጎረቤት አይጠፋም። እስካሁን ሁለት ጽፌያለሁ፣ የመጀመሪያው አልተሳካልኝም። አመታዊ ሪፖርት ብቻ ይዤ ነበር የሰራሁት፣ ስንት ብሎክ ስንት ዶርም ምናምን፣ ሰውየው አንብበው ሲጨርሱ "ህንጻዎቹ አሉ፣ እኔ የለሁበትም" አሉኝ። እውነታቸውን ነበር፣ እስከዛሬ ይቆጨኛል።

እና መጀመሪያ ይሄን ለዩ፦ "አስፋፋ" ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው? አንዳንዱ ከመሬት ይነሳል፣ እንደ ቂሊንጦው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ፣ 2003 ዓ.ም. ነው የተቋቋመው። አንዳንዱ ግን ያለው ከፍ ይላል፣ ኮተቤ ስንት አመት የመምህራን ኮሌጅ ሆኖ ኖሮ ነው ሜትሮፖሊታን ዩኒቨርሲቲ፣ ቀጥሎ ደግሞ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ የሆነው። ሌላው የተበታተነውን መሰብሰብ ነው። ስድስት ኪሎን፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ማለቴ ነው፣ እዩት፣ በ1943 ዓ.ም. ካናዳዊው ዶ/ር ማት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ብለው ሲጀምሩት ተማሪው 33 ነበር፣ በ1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ንጉሱ የገነተ ልዑልን ቤተመንግስት ሰጡት፣ የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ፣ የጎንደር ጤና ኮሌጅ፣ ኢንጂነሪንጉም ህንጻ ኮሌጁም ከስሩ ገቡ፣ ማለትም ትልቁ እድገት የመጣው በስሚንቶ አይደለም። ደግሞ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎቹ ለአንድ አመት ክፍለሀገር ወርደው እንዲያስተምሩ ሲደረግ ግንብ ሳይጨመር ዩኒቨርሲቲው ገጠር ደረሰ፣ ለኔ ይሄም መስፋፋት ነው። እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ ደባልቃችሁ "ገነባ" ብላችሁ ከጻፋችሁ ሰውየው ያልሰራውን ትሰጡታላችሁ፣ የሰራውን ትነጥቁታላችሁ።

ቀጥሎ መዝገብ ቤት ሂዱና የሴኔትና የቦርድ ቃለ ጉባኤ ጠይቁ። ሪፖርት ያለቀውን ነው የሚነግራችሁ፣ ቃለ ጉባኤ ላይ ግን ክርክሩ አለ፣ ማን ተቃወመ፣ በጀቱ ሲቀነስ የቱ ትምህርት ክፍል ዘገየ፣ ሳይጸድቅ የቀረውስ የትኛው እቅድ ነው። ፕሬዚዳንቱ ብቻውን የወሰነውንና ሚኒስቴሩ ወይ ቦርዱ የወሰነውን እዚያ ትለያላችሁ።

ከዚያ ሰው። ፕሬዚዳንቱን መጨረሻ ላይ ጠይቁ እንጂ መጀመሪያ አትሂዱባቸው፣ ያለዛ እሳቸው ያሉትን ብቻ ይዛችሁ ትቀራላችሁ። እኔ ሁለተኛውን ስጽፍ የጀመርኩት ከጥበቃውና ከስቶር ኪፐሯ ነው፣ እና ያገኘሁት ነገር! የመጀመሪያ ባች ሲገባ ውሃ በቦቴ ነበር የሚመጣው፣ ሰርቪስ ስለሌለ አስተማሪው ከአስፋልቱ ጀምሮ ጭቃውን በእግሩ ነበር የሚገባው፣ ሰውየው ደግሞ ማታ ማታ ዶርም እየዞሩ መብራት መኖሩን ያዩ ነበር። ይሄ የትኛውም ሪፖርት ላይ የለም።

መሬቱን እንዳትረሱ፣ በጣም ነው የምለምናችሁ። በከተማው ዳር የተሰራ ካምፓስ ብዙ ጊዜ የጤፍና የሽምብራ ማሳ ላይ ነው ያረፈው። ከአጥሩ ጀርባ ያሉ አዛውንት ጋ ሂዱ፣ ኦቦ ብላችሁ በአክብሮት፣ ኦሮምኛ የሚችል ሰው ይዛችሁ፣ ካሳው መቼ ተከፈለ፣ ልጆቻቸው ግቢው ውስጥ ስራ አገኙ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። የሚመልሱላችሁ ፕሬዚዳንቱን የሚያስመሰግን ላይሆን ይችላል፣ ቢሆንም ይጻፍ። እኔ የጻፍኩላቸው ሰውዬ ያንን አንቀጽ አንብበው እንዲወጣ አልጠየቁም፣ ያኔ ነው ይበልጥ ያከበርኳቸው።

አመተ ምህረት ላይ ተጠንቀቁ፣ የውጭ ሰነድ 1961 ሲል የኛ እንደ ወሩ 1953 ወይ 1954 ነው፣ ሁለቱ ሲደባለቁ ሰው ሳይሾም የሰራ ይመስላል። በየአመቱ ጎን በእጃችሁ ዓ.ም. ወይ እ.ኤ.አ. ብላችሁ ጻፉ።

ርዝመቱ ለሽኝት መጽሔት ከአራት ገጽ ባይበልጥ ይሻላል። ረቂቁን ከማተማችሁ በፊት ለድሮዋ ጸሐፊያቸው አሳዩ፣ የማን ስም እንደተዘለለ ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም፣ የኔን ስታይ ሶስት ስም ጨመረችበት፣ አንዱ ውሃውን ያመጣ የነበረው የቦቴ ሹፌር ነው።