ማሽኑ ሁሉን ሲረሳ፦ የሲኤንሲ ሚሞሪ፣ ባክአፕና ማሳደጊያ

ሰኞ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። «ኢንጂነር፣ ማሽኑ አብዷል» አለኝ ኦፕሬተሩ። ማሽኑ ሲኤንሲ ነው፤ በኮምፒውተር እየታዘዘ ብረት የሚቆርጥ። አላርሙ አንድ ስክሪን አልበቃውም። ፕሮግራሞቹ የሉም። የቱል ኦፍሴቱ (የየመቁረጫው ልኬት) ሁሉ ዜሮ ሆኗል። እኔም መልሼ ጠየቅኩት፦ «ስንት ጊዜ ጠፍቶ ቆየ?»

«ሦስት ሳምንት። ብረት አልቆብን ነበር።»

«ከዚያ በፊትስ? ስክሪኑ ታች ብልጭ ድርግም የሚል ነገር አልነበረም?»

ትንሽ ዝም አለ። «ቢ፣ ኤ፣ ቲ የሚሉ ሦስት ፊደላት ነበሩ። እኔ እኮ ሞዱን የሚያሳይ መስሎኝ ነው።»

ባትሪው ነበር። ማሽኑ እስከበራ ድረስ ሥራው ስለማይስተጓጎል ማንም ልብ አላለውም።

እዚህ የምጽፈው ስለ ፋኑክ ኮንትሮል (ማሽኑን ስለሚያዘው ኮምፒውተር) ነው፤ ዜሮ-አይ፣ 16፣ 18 እና 21 ስለሚባሉት። ብዙ የደከምኩባቸው እነሱ ናቸው። ሌላ ኮንትሮል ላይ ቁልፉና የአላርሙ ቁጥር ይለያል፤ የነገሩ አካሄድ ግን ብዙም አይርቅም። የየማሽኑ ማኑዋል ካለ ግን ቅድሚያ ለእሱ ስጡ።

ኮንትሮሉ ውስጥ ሁለት ዓይነት ማስታወሻ አለ። አንዱ ፍላሽ ሮም ነው። የኮንትሮሉ ሶፍትዌርና ላደሩ (የማሽኑን ስዊችና ሪሌይ የሚመራው ፕሮግራም) እዚያ ይቀመጣሉ። መብራት ቢጠፋም ባይጠፋም ግድ የለውም። ሁለተኛው ኤስራም ነው። ፓራሜተር (የማሽኑ ቅንብር ቁጥሮች)፣ ፕሮግራም፣ ኦፍሴት፣ የማክሮ ቫሪያብል፣ የፒች ስህተት ማካካሻ (የእንቅስቃሴን ጥቃቅን ስህተት የሚያርመው) ሁሉ እዚያ ነው። ኤስራም ማሽኑ ሲጠፋ በሕይወት የሚቆየው በባትሪ ብቻ ነው። ከዚህ በታች ያለው ችግር አብዛኛው ዞሮ ዞሮ ከዚህ ይመጣል።

ምልክት፦ ስክሪኑ ታች ቢ-ኤ-ቲ ብልጭ ይላል

ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ የኤስራሙ ባትሪ ቮልቴጁ ወርዷል። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ዕድሜ ይኖረዋል። በዚህ ላይ ግን አትተማመኑ፤ የዚያኑ ቀን ቀይሩት።

አቀያየሩ ላይ ሰው ይሳሳታል። ባትሪው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ኮንትሮሉ ላይ በቀጥታ የሚሰካ 3 ቮልት ሊቲየም ነው። ይህንን ለመቀየር ኮንትሮሉን አብርታችሁ 30 ሰከንድ ያህል ትጠብቃላችሁ፣ ከዚያ ታጠፋላችሁ፣ አሮጌውን ነቅላችሁ አዲሱን ትሰካላችሁ። በመካከሉ ኤስራሙን የሚይዘው ቦርዱ ላይ ያለ ካፓሲተር ነው። 30 ደቂቃ ሳይሞላ መጨረስ አለባችሁ። ኮንትሮሉ ከፒሲ ጋር የተጣመረ ከሆነ ደግሞ 5 ደቂቃ ብቻ ነው ያላችሁ። ስለዚህ አዲሱን ባትሪ በእጃችሁ ሳትይዙ አሮጌውን አትንኩ። «ነቅዬ ናሙናውን ይዤ መርካቶ ልሂድ» ያለ ሰው አውቃለሁ። ሲመለስ ባትሪው ነበረው፤ ዳታው አልነበረም።

ሁለተኛው ዓይነት በውጭ ሳጥን የሚገባ ትልቁ ባትሪ ድንጋይ ነው። ዜሮ-አይ ላይ ሁለት፣ የድሮው ዜሮ ሲሪየስ ላይ ሦስት ፍሬ ይገባል። ይህ የሚቀየረው ማሽኑ በርቶ እያለ ነው። አጥፍታችሁ ድንጋዩን ካወጣችሁ ዳታው ሊጠፋ ይችላል። ካቢኔቱ ተከፍቶ፣ ከፍተኛ ቮልቴጅ በአጠገብ እያለ የሚሠራ ሥራ ስለሆነ ግን ኢመርጀንሲ ስቶፑን ጫኑ። ከኤሌክትሪክ ጋር የማይተዋወቅ ሰው እጁን አያስገባ። ድንጋዩ አልካላይን ይሁን። የሚሞላ ባትሪ አታስገቡ። ሳጥኑ ውስጥ የፈሰሰና ነጭ ያወጣ ነገር ካለም የሽቦውን ጫፍ አጽዱ።

ፋኑክ አላርም ይምጣም አይምጣ በዓመት አንድ ጊዜ ቀይሩ ይላል። እኔ በየመስከረሙ እቀይራለሁ። ዓመተ ምሕረቱን በማርከር እጽፍበታለሁ። እንቁጣጣሽን የሚረሳ ሰው የለም።

ምልክት፦ አላርም 306፣ 307 ወይም 308፤ ቆይቶም 300

ይህ ሌላ ባትሪ ነው። አብሶሉት ኢንኮደሩ (ሞተሩ ላይ ያለው ቦታ ለኪ) አክሲሱ (ማሽኑ የሚንቀሳቀስበት አቅጣጫ፣ ኤክስ ወይም ዋይ እንደሚባለው) የት እንዳለ እንዲያስታውስ የሚያደርገው፣ 6 ቮልት፣ ሰርቮ አምፕሊፋየሩ አካባቢ ወይም በራሱ ሳጥን ያለ። ብዙ ሰው ኤስራሙን ቀይሮ «ባትሪ ቀይሬያለሁ» ብሎ ይቀመጣል። አዳዲሶቹ ኮንትሮሎች ላይ ከቁጥሩ ፊት ፊደላት ይጨመራሉ፣ ትርጉሙ ያው ነው።

ማሽኑ በርቶ፣ ኢመርጀንሲ ስቶፕ ተጭኖ ይቀየራል። 300 ከመጣ ግን ዜሮ ነጥቡ ጠፍቷል ማለት ነው። ሪፈረንስ ስዊች ያለው ማሽን ሪፈረንስ ሪተርን (አክሲሱን ወደ ዜሮ ነጥቡ መመለስ) ተሠርቶለት ያልፋል። ስዊች የሌለው ከሆነ አክሲሱን በእጅ ወደ ምልክቱ አምጥታችሁ ፓራሜተር 1815 ላይ 4ኛውን ቢት (ከቀኝ፣ ከ0 ጀምሮ ሲቆጠር) መልሳችሁ 1 ታደርጋላችሁ። ምልክቱ የታለ? ብዙ ጊዜ የለም! ስለዚህ ዛሬ፣ ማሽኑ ጤነኛ ሳለ፣ አክሲሱን ዜሮ ላይ አቁማችሁ በስል ነገር ጫሩበት።

ምልክት፦ ሁሉም ጠፍቷል፤ ወይም አላርም 910፣ 911 ወይም 935

የሰኞው ማሽን እዚህ ነው። ኤስራሙ ባዶ ነው ወይም ተበላሽቷል። መጀመሪያ የማይደረገውን ልንገራችሁ። ስታበሩ ሪሴትና ዲሊትን አብራችሁ አትጫኑ። ኤስራሙን ሙሉ በሙሉ ያጠፋል። መጨረሻ ላይ ሊያስፈልግ ይችላል፤ መጀመሪያ ላይ ግን ገና የተረፈውንም ይወስድባችኋል።

ባክአፕ ካለ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ከሌለ የካቢኔቱን በር ከውስጥ በኩል እዩ። ማሽን ሠሪዎች የፓራሜተሩን ዝርዝር አትመው እዚያ በፖስታ ያስቀምጣሉ። በዚያ ሰኞ ያገኘሁት ያንን ነበር፤ ዘይት የጠጣ፣ ሁለት ገጹ የተጣበቀ። ሁለት ቀን ሙሉ ቁጥር በቁጥር አስገባሁ። 8 ቢት ያለው ፓራሜተር ላይ አንዷ 0 ቦታዋን ከሳተች አክሲሱ ወደ ተቃራኒ ሊሄድ ይችላል። ኦፕሬተሩ እያነበበ፣ እኔ እየጻፍኩ፣ እሱ እንደገና እያረጋገጠ ሄድን።

ሦስተኛው ቀን ማሽኑ ተነሳ። አክሲሶቹ ሄዱ፣ ስፒንድሉ ዞረ። ኤም6 ብለን ቱል እንዲቀይር ስንጠይቀው ግን «ፕሮግራሙ የለም» አለን። ምክንያቱን ለማግኘት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ብዙ ማሽን ላይ ቱል መቀየሪያው በ9000ዎቹ ቁጥር በተጻፈ ማክሮ ነው የሚሠራው። እነዚህ ፕሮግራሞች በፓራሜተር 3202 4ኛ ቢት ይቆለፋሉ። ቢቱ 1 ሲሆን አይነኩም፣ ሲላኩም አይወጡም። አንድ ሰው ከዓመታት በፊት «ሁሉንም ፕሮግራም» ብሎ ያወጣው ፋይል ተገኝቶ ነበር። ፋይሉ ውስጥ እነሱ የሉበትም። የማሽኑ ወንድም በሌላ ወርክሾፕ ባይኖር ኖሮ ማክሮውን ራሴ ልጽፈው ነበር። ስለዚህ ፕሮግራም ባክአፕ ከማድረጋችሁ በፊት ቢቱን 0 አድርጉ፣ ስትጨርሱ ወደ 1 መልሱ።

ታዲያ ባክአፑ እንዴት ነው?

ሁለት ዓይነት ነው፣ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። «አንዱ ይበቃል» የሚል ካለ ሚሞሪ ቀይሮ አያውቅም።

የመጀመሪያው የኤስራሙ ሙሉ ቅጂ ነው። ከስክሪኑ ሥር ካሉት ሶፍት ኪዎች በስተቀኝ ጥግ ያሉትን ሁለቱን ተጭናችሁ ማሽኑን አብሩ። የቡት ሜኑ ይመጣል። የኤስራም ባክአፕ የሚለውን መርጣችሁ ወደ ሚሞሪ ካርድ ትልካላችሁ። ጥቂት ደቂቃ ነው። ከዚያው ሜኑ ላደሩንም ከፍላሽ ሮም አውጡ። እዚህ ሜኑ ላይ አቅጣጫውን ሁለት ጊዜ አንብቡ። ከኮንትሮል ወደ ካርድ እንጂ ከካርድ ወደ ኮንትሮል አይደለም። ፎርማትና ዲሊት የሚሉትም እዚያው ጎረቤት ናቸው።

ሁለተኛው የጽሑፍ ባክአፕ ነው። ፓራሜተር 20ን 4 አድርጉ፣ ካርዱን ያነባል ማለት ነው። ከዚያ ኤዲት ሞድ ላይ ፓራሜተሩን፣ ፒች ማካካሻውን፣ ኦፍሴቱን፣ ማክሮ ቫሪያብሉን፣ ፕሮግራሞቹን ከየራሳቸው ገጽ ፓንች ታደርጋላችሁ (ወደ ካርዱ ታወጣላችሁ)። የፒኤምሲው (ላደሩን የሚያስኬደው ክፍል) ታይመር፣ ካውንተርና ኪፕ ሪሌይ በራሱ በፒኤምሲ ገጽ ነው የሚወጣው፤ ሰው ሁሉ የሚረሳው እሱን ነው።

ካርዱ አልታይ ካለ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ መጠኑ ነው። 32 ጊጋባይት ካርድ ለእነዚህ ኮንትሮሎች አይሆንም። 2 ጊጋ ወይም ከዚያ በታች የሆነ ኮምፓክት ፍላሽ በአዳፕተር፣ በፋት ተፎርሙቶ ስጡት።

ካርድ ማስገቢያ የሌለው አሮጌ ማሽን በአርኤስ 232 ገመድ ከላፕቶፕ ጋር ያወራል። አላርም 86 ከመጣ ገመዱን ወይም ሌላኛው ጫፍ መብራቱን እዩ። 85 ከሆነ ፍጥነቱ ወይም ፓሪቲው አልተስማማም። ሁለቱንም 4800፣ 7 ቢት፣ ኢቭን ፓሪቲ አድርጉና ከዚያ ጀምሩ። 87 ከሆነ ኮንትሮሉ «ቆይ» ሲል ላፕቶፑ አልሰማም። ገመዱን ደግሞ ማሽኑም ላፕቶፑም በርተው ሳለ አትሰኩ፣ አትንቀሉ። በዚህ የተቃጠለ ቦርድ አይቻለሁ።

ምልክት፦ አላርም 70፣ ሚሞሪ ሞልቷል

መጀመሪያ ቁጥሩን በደንብ እዩ። 70 ቦታ አልቋል ነው። 72 ከሆነ ቦታ ሞልቶ ሳይሆን የፕሮግራሙ ብዛት ጣሪያ ነክቷል። ለ72 አሮጌ ፕሮግራም ማጥፋት ብቻ ይበቃል።

ኮንትሮሉ ስንት ሚሞሪ እንዳለው ስትጠይቁ መልሱ በሜትር ሊመጣ ይችላል። አትደንግጡ። ዱሮ ፕሮግራም የሚገባው በተበሳ የወረቀት ቴፕ ነበር። በአንድ ኢንች 10 ፊደል ስለሚይዝ አንድ ሜትር 400 ፊደል ገደማ ነው። 320 ሜትር ማለት 128 ኪሎባይት፣ 1280 ሜትር ማለት 512 ኪሎባይት። የሞልድ ሥራ የሠራ ካም ሶፍትዌር (ከሥዕል የማሽን ፕሮግራም የሚያዘጋጀው) በአንድ ፋይል ብዙ ሜጋባይት ሊያወጣ ይችላል። በ320 ሜትር ውስጥ ያንን ማስገባት ሰንጋን በመርፌ ቀዳዳ እንደማሳለፍ ነው።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ነጻውን ሞክሩ። ካሙ በየመስመሩ የመስመር ቁጥር እንዳይጽፍ አድርጉት። «ኤን1250ኤክስ45.213ዋይ-12.004» የሚል መስመር በላቲን ሲጻፍ 20 ፊደል ነው። የመስመር ቁጥሩ ሲወጣ 15 ይቀራል። ሩቡ ሄደ ማለት ነው፣ ማሽኑም ምንም አልጎደለበትም።

አሁንም ካልበቃ ፕሮግራሙን ጭራሽ ወደ ሚሞሪ አታስገቡት። ኮንትሮሉ ከፈቀደ ፓራሜተር 138 ላይ 7ኛውን ቢት 1፣ ፓራሜተር 20ን 4 አድርጋችሁ ከካርዱ በቀጥታ ማስኬድ ይቻላል። ካርዱ በደንብ ይሰካ፤ ሥራው መሃል ላይ የተንቀሳቀሰ ካርድ ቱል ይሰብራል። የእኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁኝ፣ ሚሞሪ ማሳደግ ካሰቡት ብዙዎቹ ይህ ይበቃቸዋል።

ማሳደግ የግድ ከሆነ

ሁለት ነገር ትገዛላችሁ። አንደኛው ዕቃው ነው፤ ቦርዱ ላይ የሚሰካ ትንሽ የኤስራም ሞጁል። ሁለተኛው ፈቃዱ ነው፤ ኮንትሮሉ ያንን ቦታ እንዲጠቀም የሚከፍት ኦፕሽን። አንዳንዴ ዕቃው ቀድሞውኑ አለ፣ የጎደለው ኦፕሽኑ ብቻ ነው። ስለዚህ ከማዘዛችሁ በፊት የሲስተም ኮንፊገሬሽን ገጾቹን ሁሉ ፎቶ አንሱና የኮንትሮሉን ሲሪያል ቁጥር ጨምራችሁ ላኩ። ከኢንተርኔት የተለቀመ የ9000ዎቹን ፓራሜተር እየቀያየሩ «መክፈት» ግን አይመከርም። የሰው ንብረት መሆኑ እንዳለ ሆኖ፣ ኮንትሮሉ ጭራሽ አልነሳም ሊል ይችላል።

ዋናው ነገር ይህ ነው፦ የኤስራሙ መጠን ሲቀየር ውስጡ ባዶ ይሆናል። በቡት ሜኑ ያወጣችሁት ሙሉ ቅጂ ደግሞ ለአሮጌው መጠን የተሰፋ ልብስ ነው፤ ለአዲሱ አይሆንም። የሚያድናችሁ የጽሑፉ ባክአፕ ነው። ሙሉ ቅጂውም አይጣል። አዲሱ ሞጁል አልሠራ ብሎ አሮጌው ከተመለሰ እሱ ነው ፈጥኖ የሚያነሳችሁ።

ሲመለስ ፓራሜተሩ ይቀድማል። የፓራሜተር ጽሕፈት ስትከፍቱ አላርም 100 ይመጣል፣ ችግር አይደለም። ፓራሜተሩን አስገቡ፣ አጥፍታችሁ አብሩ፣ ያንኑ ፋይል ደግማችሁ አስገቡ። አንዳንዱ ፓራሜተር ሌላው ካልተከፈተ ስለማይቀመጥ ነው። ቀጥሎ ፒች ማካካሻ፣ ፒኤምሲ፣ ማክሮ ቫሪያብል፣ ኦፍሴት፣ በመጨረሻ ፕሮግራሞቹ። ዜሮ ነጥቡን ካረጋገጣችሁ በኋላ ራፒዱን (ፈጣን እንቅስቃሴውን) ዝቅተኛው ላይ አድርጋችሁ፣ እጃችሁን ኢመርጀንሲ ስቶፑ ላይ አስቀምጣችሁ እያንዳንዱን አክሲስ በቀስታ እስከ ሶፍት ሊሚቱ (በፓራሜተር የተቀመጠው የጉዞ ወሰን) ውሰዱ።

ይህ ሁሉ ከመጀመሩ በፊት፣ አሮጌው ሞጁል ገና ቦርዱ ላይ ሳለ፣ ካርዱን ላፕቶፕ ላይ ክፈቱ። እያንዳንዱን የጽሑፍ ፋይል በኖትፓድ እዩ። ፋይሉ በ% ጀምሮ በ% ማለቅ አለበት። የመጨረሻዋ % ከሌለች መሃል ላይ ተቆርጧል፤ ሞጁሉን አትንቀሉ፣ ተመልሳችሁ እንደገና አውጡት።