የመዋኛ ገንዳ ላይነር ስትመርጡ ከፀሐዩና ከመሬቱ ጀምሩ

ወሩ ሐምሌ ነበር። ካዛንቺስ ውስጥ ካለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ተደወለልኝ። «ገንዳው አብጧል» አሉኝ። ስደርስ እውነትም አብጧል። ላይነሩ፣ ማለትም ውሃ እንዳይሰርግ የገንዳውን ወለልና ግድግዳ የሚሸፍነው ሰማያዊ ፕላስቲክ፣ ከወለሉ ተነሥቶ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሏል።

ገንዳውን ከትናንት ወዲያ ያስለቀቅሁት እኔ ነኝ። ወለሉን ልናጸዳ ነበር። ዝናቡ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አደረ። መሬቱ የጠጣው ውሃ በአርማታው ስንጥቅ ገብቶ ከላይነሩ ሥር ተጠራቀመ። ከላይ የሚጫነው ውሃ ስላልነበረ ወደ ላይ ገፋው። ውሃውን በፓምፕ አውጥተን መልሰን ስንዘረጋው ማዕዘኖቹ ላይ ተቀደደ።

የቤቱን ባለቤት እማማ ነው የምላቸው። አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ ይሄን ዕቃ ስንት ዓመት ይቆያል ብለህ ነው ያስገዛኸኝ?» ብቻ አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። በወቅቱ ሻጩ ያለኝን ተቀብዬ ነበር ያስገዛኋቸው። ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት እንዲያነበው ነው።

በእኛ ከተማ ላይነር የሚጨርሱት ዋናተኞች አይደሉም። ፀሐይ ነች፤ የክረምት ውሃም አለ። የአዲስ አበባ አየር ቀዝቀዝ ስለሚል ፀሐይዋን እንንቃታለን። ከተማችን ግን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የአልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ከምድር ወገብም ብዙ አልራቅንም። ከሁሉ ቀድሞ የሚጎዳው ከውሃው መስመር በላይ የሚቀረው፣ አንድ መዳፍ የሚያህል የላይነር ጠርዝ ነው። እዚያ ላይ ይነጣል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል። ያገለገለ ገንዳ ስታዩ መጀመሪያ ጣታችሁን እዚያ ጠርዝ ላይ አሳርፉ። ለስላሳ ከሆነ ገና ዕድሜ አለው። እንደ ካርቶን ከደረቀ አልቋል።

መሬቱን ደግሞ ጥቁር አፈር ላይ ቤት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ገንዳውም አብሮት ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ የምትመርጡት ነገር ፀሐይን የሚችል፣ ከሥሩ ያለው አርማታ ትንሽ ሲሰነጠቅ አብሮ የማይሰነጠቅ መሆን አለበት።

አሁን ወደ ዕቃው። መርካቶ ሸራ ተራ የሚሸጠው የመኪና ሸራ በዋጋው ያጓጓል። እሱ የተሠራው ጭነትን ከዝናብ ለመከለል ነው። ዓመቱን ሙሉ ክሎሪን ያለበት ውሃ ውስጥ ሊቀመጥ አልተሠራም። ለገንዳ አትግዙት።

ገበሬዎች የዝናብ ውሃ ለማጠራቀም ኩሬ ውስጥ የሚያነጥፉትን ጥቁር ጂኦሜምብሬንም የሚጠይቁኝ አሉ። አብዛኛው ፖሊኤትሊን የሚባል ፕላስቲክ ነው። ካርቦን ስላለበት ፀሐይን በደንብ ይችላል። ግን ግትር ነው፤ ማዕዘንና ደረጃ ላይ አይተኛም። ከዚህ የሚብሰው ጥቁረቱ ነው። ወለሉ ጥቁር በሆነ ገንዳ ውስጥ የሰመጠ ልጅ ከላይ ቶሎ አይታይም። ለእኔ ይህ ብቻውን ይበቃል። ኢፒዲኤም የሚባለው ላስቲክም አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር ነው። በደንብ ይለጠጣል፣ ለዓሣ ኩሬ ግሩም ነው። ለመዋኛ ግን አልመክረውም።

ብዙ ሰው የሚያውቀው ተራው ቪኒል ነው። ውፍረቱ ከ0.5 እስከ 0.75 ሚሊ ሜትር ነው። በገንዳው ልክ ፋብሪካ ውስጥ ተበይዶ ይመጣል። ዋጋው ቀለል ይላል፣ ቶሎም ይገጠማል። ጥሩ አያያዝ ካገኘ 10 ዓመት አካባቢ ያገለግላል። ልኩ ላይ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከተሳሳታችሁ ግን ወይ ይጨማደዳል ወይ ማዕዘኑ ላይ ይወጠራል። እማማ ቤት የተቀደደው ይህ ነው፤ ያውም ቀጭኑ፣ ባለ 0.5ቱ።

እኔ አሁን የማስገዛው መሃሉ ላይ የፖሊስተር መረብ ያለውን፣ 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን የፒቪሲ ሜምብሬን፣ ማለትም ውሃ የማያሳልፍ የፕላስቲክ ሽፋን ነው። በጥቅል ይመጣል። የተለመደው ጥቅል ስፋቱ 1.65 ሜትር፣ ርዝመቱ 25 ሜትር ነው። ገንዳው ውስጥ ተዘርግቶ በሙቅ አየር እዚያው ይበየዳል። ስለዚህ የገንዳችሁ ቅርጽ ቢጣመምም ችግር የለውም። መረቡ እንዳይለጠጥና ቀዳዳ እንዳይሰፋ ይይዘዋል። በሚገባ ከተገጠመና ውሃው ከተጠበቀ 15 ዓመትና ከዚያም በላይ ይቆያል። ከቪኒሉ ይወደዳል፤ ይህን አልደብቅም። እማማ ግን ሁለት ጊዜ ከፍለዋል።

«ሴራሚክስ?» ትሉኝ ይሆናል። ሴራሚኩ ራሱ ከሁሉም ይበረክታል። ችግሩ የሚመጣው ከበታቹ ነው። አርማታው ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ሲያወጣ ሴራሚኩ አብሮ ይሰነጠቃል፣ ውሃውም መንገድ ያገኛል። ሜምብሬን እንዲህ ያለውን ስንጥቅ ዝም ብሎ ይሻገረዋል። መሬታችሁ ጠንካራ፣ አርማታችሁም በደንብ የተሠራ ከሆነ ሴራሚክ አልቃወምም። ፋይበርግላስ ደግሞ ሙሉ ገንዳው አንድ ወጥ ሆኖ በመኪና ነው የሚመጣው። በመሃል ከተማ ጠባብ መንገድ እንዴት እንደሚገባ መጀመሪያ አስቡበት።

ናሙና ሳታዩ አትክፈሉ። መዳፍ የሚያህል ቁራጭ ጠይቁ። በምላጭ ቁረጡትና ጠርዙን ብርሃን ላይ እዩት። የመረቡ ክር መታየት አለበት። ውፍረቱን ካሊፐር በሚባለው መለኪያ ለኩ። ሻጩ 1.5 ብሎ 1.2 ከወጣ ተነሡና ሂዱ። ላዩ አክሪሊክ መከላከያ የተቀባ መሆኑን ጠይቁ። ፀሐይንና ቆሻሻን የሚቋቋምለት እሱ ነው። ወረቀቱ ላይ ኢኤን 15836 የሚል የአውሮፓ ደረጃ ፈልጉ። ሁለተኛው ክፍሉ 1.5 ሚሊና ከዚያ በላይ ስለሆኑ ባለ መረብ ሜምብሬኖች ነው። ዋስትናውንም እስከ መጨረሻው አንብቡት። ውሃ አያፈስም የሚለውና ቀለሙ አይለቅም የሚለው አንድ አይደሉም። ከቀለም ፈካ ያለ ሰማያዊ ወይም አሸዋማ ውሰዱ። ደማቁ ሲነጣ በጣም ያስታውቃል።

ልኩ እንዲህ ነው። ገንዳው 8 በ4፣ ጥልቀቱ 1.5 ሜትር ነው እንበል። ወለሉ 32 ካሬ ነው። አራቱ ግድግዳ 36 ካሬ። ድምሩ 68 ይሆናል። ለመደራረቢያና ለቁርጥራጭ 10 እስከ 15 በመቶ ጨምሩ። ወደ 78 ካሬ ይደርሳል። አንድ ጥቅል 41 ካሬ ስለሆነ ሁለት ጥቅል ይበቃችኋል። ደረጃ ካለው ለእሱ የማያንሸራትተውን ዓይነት ለብቻው እዘዙ።

ያ ገንዳ ሲሞላ 48 ቶን ውሃ ይይዛል። ከላይነሩ ሥር የቀረች አንዲት ጠጠር ውሃው ከላይ ሲጫናት ላይነሩን ትወጋዋለች። አርማታውን በእጃችሁ ዳብሱት። ሻካራ ከሆነ ይለሰን። ከዚያ በካሬ ከ300 እስከ 500 ግራም የሚመዝን ጂኦቴክስታይል የሚባል ጨርቅ ይነጠፍ። ይህን ንጣፍ «አያስፈልግም» የሚል ሠራተኛ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ። ከገንዳው ጎን ደግሞ ከወለሉ ዝቅ ብሎ የሚወርድ ቱቦ ይተከል፣ ዙሪያውም ጠጠር ይሙላ። ገንዳውን ከማስለቀቃችሁ በፊት ቱቦው ውስጥ ውሃ መኖሩን ታያላችሁ። ካለ መጀመሪያ እሱ ይወጣል። ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ግን ባታስለቅቁት ይሻላል።

ሲበየድ አጠገቡ ቁሙ። አንዱ ሜምብሬን በሌላው ላይ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር መደረብ አለበት። ብየዳው ሲቀዘቅዝ ጫፉ የደነዘ ካቻቢቴ ይዛችሁ መገጣጠሚያውን ከዳር እስከ ዳር ተከተሉ። ጫፉ የገባበት ቦታ አልተበየደም፤ እንደገና ይሠራ። ከዚያ በኋላ ጠርዙ በፈሳሽ ፒቪሲ ይዘጋል። እማማ ቤት ጥቅምት ላይ ስንሠራ እሳቸውም ወንበር አስመጥተው ካቻቢቴውን ተቀብለውኝ አብረው ፈተሹ። ሁለት ቦታ አገኙ።

ከዚያ በኋላ ያለው የውሃ ጉዳይ ነው። ፒኤች፣ ማለትም የውሃው የአሲድነት መለኪያ፣ ከ7.2 እስከ 7.6፣ ክሎሪን በሊትር ከ1 እስከ 3 ሚሊ ግራም ይሁን። ፒኤቹ ሲወርድ ላይነሩ ይጨማደዳል። የክሎሪን ዱቄት በቀጥታ ገንዳ ውስጥ አትበትኑ። የወደቀበት ቦታ ይነጣል። በባልዲ ውሃ በጥብጡትና አፍስሱት። የፍልውሃና የሒልተን ሙቅ ውሃ ለምዳችሁ ገንዳችሁን ማሞቅ ካሰባችሁ ለሻጩ አስቀድማችሁ ንገሩ። ውሃው ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ የፒቪሲ ዕድሜ እያጠረ ይሄዳል።

የተረፈውን ቁራጭ አትጣሉ። ላዩ ላይ የጥቅሉን ቁጥር ጻፉና ጥላ ያለበት ደረቅ ቦታ ጠቅልላችሁ አስቀምጡት። አንድ ቀን ብትጠግኑ ቀለሙም ዓይነቱም ይገጥማል። መጣፊያውን ክብ አድርጋችሁ ቁረጡት፤ ማዕዘን ያለው ከጫፉ ይነሣል።