አሮጌ የእንጨት ወንበር ማደስ፦ ከመገጣጠሚያው እስከ ትራሱ ልብስ

ወር በገባ ቁጥር በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱና በአያት ኮንዶሚኒየሞች ቤት የሚለቅ አይጠፋም። ማስጫኛው ከዋጋው የሚበልጥ ዕቃ ደረጃው ሥር ይቀመጥና ለጎረቤት ወይም ለቆራሌው ይሸጣል፤ ቀሪው ዞሮ ዞሮ ምናለሽ ተራ ይደርሳል። ከዚህ ሁሉ መካከል እጃችንን መጀመሪያ የምንዘረጋው ክንዱና እግሩ እንጨት ሆኖ መቀመጫውና መደገፊያው በሚነሳ ትራስ ወደተሠራው የሳሎን ወንበር ነው። ሙሉ በሙሉ በጨርቅ የተሸፈነ ሶፋ ጉዱን ውስጡ ይደብቃል። ይህኛው ግን ጉድለቱ በዓይን ይታያል፣ ቤት ውስጥ ባለ መሣሪያ ይጠገናል፣ ልብሱም በተራ የስፌት መኪና ይሰፋል።

የተቀደደ ጨርቅ፣ የሟሸሸ ስፖንጅና የደበዘዘ ቫርኒሽ ዋጋ ማስቀነሻ ይሁኗችሁ እንጂ አያስፈሯችሁ፤ ሦስቱም ይቀየራሉ። የምትገዙት እንጨቱን ነው።

ስለዚህ ወንበሩን ገልብጡት። ያልተቀባው የታችኛው ክፍል የእንጨቱን ዓይነት ያሳያል። ዋንዛ ቡናማ ነው፣ ክብደቱ መካከለኛ፣ ለመላግም ለብርጭቆ ወረቀትም የሚመች፤ ካገኛችሁ አትለፉት። ዝግባ ፈዛዛ ቢጫ ሆኖ መስመሩ እምብዛም አይታይም፤ እሱም ጥሩ ነው። ባሕር ዛፍ ይከብዳል፣ ሳይደርቅ ከተሠራ ደግሞ ይጠማዘዛል፣ ይሰነጠቃል። ጠርዙ ውሃ ጠጥቶ ያበጠ ቺፑድ ግን ወደ ነበረበት አይመለስም፣ ብሎንም አይዝም። ተዉት።

ቀጥሎ የመደገፊያውን ሁለት ጫፍ ይዛችሁ ግራና ቀኝ ነቅንቁ። መነቃነቁ ክፉ ምልክት አይደለም፤ ኮላው ለቋል ማለት ነው፣ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ክፉው እግሩ ከመቀመጫው ጋር በሚገናኝበት ቦታ እንጨቱ ራሱ መሰንጠቁ ነው። የመርፌ ጫፍ የሚያክሉ ቀዳዳዎች ካያችሁ ሥሩ ነጭ ወረቀት አንጥፉና በመዶሻ እጀታ መታ መታ አድርጉት። ደቃቅ፣ አዲስ የሚመስል ፈዛዛ ዱቄት ከረገፈ ነቀዙ በሕይወት ሊኖር ይችላል፤ ወደ ቤታችሁ ሌላ እንጨት የሚዛመት ነገር ስለሆነ ርካሽ ቢሆንም አንመክርም።

ትኋንን በተመለከተ ቸልተኛ አትሁኑ። በጨርቁ ስፌት፣ በሚስማር ራስ ዙሪያና በብሎን ቀዳዳ ውስጥ የቀለም ጠብታ የሚመስል ጥቁር ነጥብ ካለ ወንበሩ ደጃፍ ሳይሻገር ግቢ ውስጥ ይፈታ። አሮጌው ስፖንጅና ጨርቅ በማዳበሪያ ከረጢት ታስሮ ይጣል። እንጨቱ ላይ፣ በተለይ ስንጥቅና ቀዳዳው ውስጥ፣ ከምድጃ የወረደ የፈላ ውሃ ቀስ እያላችሁ አፍስሱ። ፀሐይ ብቻዋን አትበቃም፤ ትኋኑ ወደ ጥላው ጎን ይሸሻል። ነጭ ጋዝ መቀባት የተለመደ ቢሆንም ሁለት ጉዳት አለው፦ እሳት ይጠራል፣ እንጨቱ ውስጥ ስለሚቀርም በኋላ ኮላውና ቫርኒሹ አይይዙም። ውሃ የነካው እንጨት በጥላ ሥር ቢያንስ 4 ወይም 5 ቀን ይድረቅ።

መፍታትና ማጣበቅ

ከመፍታታችሁ በፊት በስልክ ከአራት አቅጣጫ ፎቶ አንሱ። እያንዳንዱን እግርና መስቀለኛ እንጨት በእርሳስ ቁጥር ስጡት፤ መንታ የሚመስሉ እግሮች ቦታ ከተለዋወጡ አይገጥሙም። አሮጌውን የትራስ ልብስ አትጣሉት (ትኋን ከሌለበት)፣ ልክ ይሆናችኋል።

ከዚህ በፊት ሌላ ሰው ጠግኖት ከሆነ መገጣጠሚያው ላይ ሚስማር ታገኛላችሁ። ሳይነቀል መዶሻ ከነካችሁት እንጨቱን ይሰነጥቀዋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ በጉጠት ንቀሉ። ከዚያ ቁራጭ እንጨት ደግፋችሁ በላዩ ላይ እየመታችሁ መገጣጠሚያውን አላቅቁ። የማይነቃነቀውን መገጣጠሚያ አትንኩት።

አብዛኛው ጥገና የሚበላሸው አሮጌው ኮላ ሳይነሳ አዲስ ሲጨመርበት ነው። ነጭ ኮላ የሚይዘው እንጨቱ ውስጥ ሲሰርግ ነው፤ በደረቀ ኮላ ላይ ከፈሰሰ እንደ ቆዳ ይላጣል። የገቢውን እንጨት ምላስ (ቀዳዳው ውስጥ የሚገባውን ቀጭን ጫፍ) እና የተቀባዩን ቀዳዳ በቢላና በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ባዶ እንጨት እስኪታይ ፋቁ። ምላሱ ቀጥኖ ቀዳዳው ውስጥ የሚላወስ ከሆነ በሰጋቱራና በኮላ ድብልቅ አትሙሉት፤ የሚይዝ ይመስላል እንጂ ሸክም ሲመጣ ይፈረፈራል። ስስ የእንጨት ፍቅፋቂ ምላሱ ላይ በኮላ ለጥፋችሁ አድርቁና በእጅ ግፊት እስኪገባ አስተካክሉት።

ነጭ ኮላ ብርድ አይወድም። ውሃው ተንኖ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ሲዋሐዱ ነው የሚጠነክረው፤ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ ገደማ ሲወርድ ግን ሳይዋሐዱ ይቀራሉ። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት፣ በተለይ ከእንጦጦ ጀርባ ሱሉልታ አካባቢ፣ ከዚያ በታች ይወርዳል። ስለዚህ ማታ ከሥራ መልስ አጣብቃችሁ በረንዳ ላይ አታሳድሩት። ረፋድ 4 ሰዓት ላይ አጣብቁ፣ ቀኑን ሙሉ ይያዝ፣ ሌሊት ቤት ውስጥ ይደር። በደንብ የያዘ ነጭ ኮላ ሲደርቅ ጥርት ይላል፤ እንደ ጠመኔ ነጭ ሆኖ ከቀረ በብርድ ተበላሽቷልና ፍቃችሁ እንደገና ጀምሩ።

ማጥበቂያ ሞርሳ ከሌላችሁ ገመድ ይበቃል። ወንበሩን ሁለት ዙር አስራችሁ በሁለቱ ገመዶች መካከል አጭር ዱላ አስገቡና ጠምዝዙ፤ ገመዱ እንጨቱን እንዳይቆርጥ ማዕዘኖቹ ላይ የታጠፈ ጨርቅ አድርጉ። ኮላው በቀጭኑ ሲተፋ ይበቃል። የተረፈውን ወዲያውኑ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፣ አለዚያ ቫርኒሽ የማይጠጣ ነጭ ጠባሳ ይሆናል። ከዚያ የመቀመጫውን ክፈፍ ከጥግ እስከ ተቃራኒ ጥግ በሁለቱም አቅጣጫ ለኩ፤ ሁለቱ ልኮች እኩል ካልሆኑ ወንበሩ ዘሟል፣ ኮላው ሳይዝ በእጅ ግፉት። እግሮቹን የምታስተካክሉበት ወለል ልሙጥ ይሁን፤ የሲሚንቶ ወለል ብዙ ጊዜ ያታልላል፣ የተነቀለ የበር ሳንቃ ይሻላል። 24 ሰዓት ሳይሞላ አትቀመጡበት።

ቫርኒሽ

እዚህ ላይ ብዙ የሚባል የለም፤ ትዕግሥት ነው። አሮጌው ቫርኒሽ በተከማቸበት ብቻ 80፣ ከዚያ 120፣ መጨረሻ 180 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ሁልጊዜ በእንጨቱ መስመር አቅጣጫ። መስመሩን አቋርጦ የተፋቀ ጭረት በደረቅ እንጨት ላይ አይታይም፣ ቫርኒሹ ሲነካው ግን ጎልቶ ይወጣል። ኮምፔንሳቶ ላይ 80 አትጠቀሙ፤ የላዩ ሽፋን ስስ ስለሆነ ይበሳል።

ለመጀመሪያው ቅብ 4 እጅ ቫርኒሽ በ1 እጅ አኳራጅ (የዘይት ቀለም ማቅጠኛ) አቅጥናችሁ ቀቡ፣ በቲነር የሚቀጥን ዓይነት ከሆነ ግን ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ተከተሉ። 24 ሰዓት ካደረ በኋላ በ220 ቁጥር ቀለል አድርጋችሁ ዳብሱት፣ አቧራውን ጥረጉ፣ ሳይቀጥን ሁለት ጊዜ ድገሙ። ኮረኮንች መንገድ ዳር ያለ ቤት ከሰዓት በኋላ ንፋሱ አቧራ ይዞ ይገባል፤ ጠዋት ወለሉን ውሃ ረጭታችሁ፣ ንፋስ ከሚመጣበት በኩል ያለውን በር ዘግታችሁ፣ በሌላው በኩል ያለውን መስኮት ከፍታችሁ ቀቡ። የቀባችሁበትን ጨርቅ ጨብጣችሁ ጥግ አትጣሉት፤ በዘይት የተሠራ ቫርኒሽ ሲደርቅ ሙቀት ያመነጫል፣ የተጠቀለለ ጨርቅ በራሱ ሊነድ ይችላል። ደጅ ዘርግታችሁ አድርቁት።

የመቀመጫው ጠፍርና ስፖንጅ

ትራሱ የሚያርፍበት ሞላ ከተሰበረ ወይም ጠፍሩ ከረገበ ያረጀ የመኪና የውስጥ ጎማ በ5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ቆርጣችሁ ተኩት። የክፈፉ ክፍተት 50 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ጎማውን 45 ላይ ምልክት አድርጉ፣ በየጫፉ 3 ሴንቲ ሜትር ለማጠፊያ ጨምሩ፣ ስትቸነክሩ እስከ 50 ሳቡት። ሳይወጠር የተመታ ጎማ በሳምንቱ ይረግባል። በየጫፉ 4 ራሰ ሰፊ ሚስማር፣ በአንድ መስመር ሳይሆን ዝቅና ከፍ እያደረጋችሁ ምቱ፤ በአንድ መስመር ከሆነ ክፈፉ ይሰነጠቃል። በጎማዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ4 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፣ የሚያቋርጡትን ደግሞ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች እያሳለፋችሁ እንደ ሰሌን ሥሩት። በላዩ ላይ አቡጀዲ ወይም ንጹሕ ጆንያ አልብሱ፣ ጎማው ጨርቁን እንዳያጠቁር።

ስፖንጅ ስትገዙ በእጅ መጫን አያስተማምንም፤ አዲስ ስፖንጅ ሁሉ ይመልሳል። ሚዛን ጠይቁ። 50 በ50 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ 750 ግራም ገደማ ከመዘነ ጥግግቱ በኪዩቢክ ሜትር 30 ኪሎ ነው፣ ለመቀመጫ ይህ ወይም ከዚህ በላይ ይሁን። 450 ግራም ከሆነ 18 ኪሎ ነው ማለት ነው፤ ለመደገፊያ ይሆናል፣ ለመቀመጫ ግን ብዙ ሳይቆይ ይተኛል። ስፖንጁን ከልብሱ ልክ በ1 ሴንቲ ሜትር አስበልጣችሁ በዳቦ ቢላ ቁረጡት፤ ልብሱ ሙሉ ሆኖ የሚቀመጠው ያኔ ነው።

ልብሱን መስፋት

ሸራ፣ ወፍራም ጂንስ ወይም ከፋይ ይሁን። ሸማ ሽመናው ልል ስለሆነ ለመቀመጫ አይሆንም፤ በአቡጀዲ ገበር ተደግፎ ለመደገፊያ ትራስ ግን ያምራል። ጥጥ ከሆነ ሳይቆረጥ እጠቡት፣ በ1 ሜትር ላይ 3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ሊሰበሰብ ይችላል። ከፋይ ጠጉሩ በአንድ አቅጣጫ ይተኛል፤ ሁሉም ቁራጭ ጠጉሩ ወደ ፊት ለፊት እንዲተኛ ቁረጡ፣ አለዚያ አንዱ ጎን ጠቁሮ ይታያል።

ለ50 በ50 በ10 ትራስ፣ የስፌት ትርፉ 1.5 ሴንቲ ሜትር ሆኖ፦
ላይና ታች፦ 53 በ53፣ 2 ቁራጭ
የጎን መቀነት (ከፊትና ከሁለቱ ጎን የሚዞረው)፦ 139 በ13፣ 1 ቁራጭ
የዚፕ መቀነት፦ 67 በ8.5፣ 2 ቁራጭ
ዚፕ፦ 67 ሴንቲ ሜትር

ስፋቱ 1.50 ሜትር የሆነ ጨርቅ 80 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። 1.40 ከሆነ መቀነቱን 71 በ13 አድርጋችሁ በሁለት ቁራጭ አውጡና ቀጥሉት፣ 1 ሜትር ግዙ። ዚፑ ከኋላው ጎን 7 ሴንቲ ሜትር በየማዕዘኑ የሚታጠፈው ስፖንጁ ሳይጨማደድ እንዲገባ ነው።

ክሩ ፖሊስተር፣ መርፌው 16 ቁጥር፣ ለጂንስና ለሸራ 18፣ የስፌቱ ርዝመት ከ3 እስከ 3.5 ሚሊ ሜትር። በእግር የሚረገጥ አሮጌ መኪና ለዚህ ሥራ ከብዙ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ይሻላል፦ ወፍራም ቦታ ላይ ቀስ ብሎ ይበሳል፣ መብራት ሲጠፋም አይቆምም። በቁራጭ ጨርቅ ሞክሩ። ከሥር ክሩ ከተንዘላዘለ የላዩ ክር ልል ነው ወይም በትክክል አልተሰካም፤ ስፌት ከዘለለ መርፌው ደንዟል ወይም ቀጥኗል።

መጀመሪያ የዚፕ መቀነቶቹን አንድ ረጅም ጠርዝ 2 ሴንቲ ሜትር አጥፋችሁ በካውያ ተኩሱ፣ ሁለቱ እጥፋቶች ዚፑ መሃል ላይ እንዲገናኙ አድርጋችሁ በባለ አንድ ጎን የዚፕ መስፊያ እግር ስፉ። ስፋቱ 13 ሆኖ መውጣት አለበት። ከጎን መቀነቱ ጋር በሁለቱም ጫፍ ስታገናኙት ቀለበት ይሆናል፤ ዙሪያው 200 ሴንቲ ሜትር መሆኑን ሳትለኩ አትቀጥሉ። ከ200 ካነሰ ትራሱ ይኮማተራል፣ ከበዛ ማዕዘኑ ላይ ይሸበሸባል፤ አሁን መፍታት የ5 ደቂቃ ሥራ ነው።

ከኋላው ጎን መሃል ጀምራችሁ ቀለበቱን ከላይኛው ቁራጭ ጋር ስፉ። ማዕዘን ሊደርስ 1.5 ሴንቲ ሜትር ሲቀር መርፌውን ጨርቁ ውስጥ እንዳለ አቁሙ፣ የመቀነቱን ትርፍ በመቀስ 1.2 ሴንቲ ሜትር ሰንጥቁ፣ እግሩን አንስታችሁ አዙሩ። የታችኛውን ቁራጭ ከማያያዛችሁ በፊት የአራቱን ማዕዘን ቦታ ከላይኛው ማዕዘን በቀጥታ ወደ ታች በሳሙና አስምሩ። ይህ ከተዘለለ ትራሱ እንደ ተጨመቀ ፎጣ ይጠማዘዛል። ዚፑንም ቢያንስ በግማሽ ክፈቱት፤ ተዘግቶ ከተሰፋ በውስጥ በኩል ትገለብጡበት ቀዳዳ የላችሁም።

ትርፉን ዚግዛግ ምቱት፣ ማዕዘኖቹን ሸርፉ፣ ገልብጡ። ስፖንጁን በስስ ፌስታል ጠቅልላችሁ አስገቡት፣ ቦታውን ሲይዝ ፌስታሉን ጎትታችሁ አውጡ፤ ጨርቅ ስፖንጅ ላይ ይነክሳል፣ ፌስታል ላይ ግን ይንሸራተታል። ልብሱ ሲቆሽሽ ዚፑን ዘግታችሁ በቀዝቃዛ ውሃ እጠቡት፣ ቀለሙን ፀሐይ እንዳያነጣው ገልብጣችሁ በጥላ አስጡት፣ ጥቂት እርጥበት እንደቀረው መልሳችሁ አልብሱት። ስፖንጁ ላይ ሆኖ ሲደርቅ ተወጥሮ ይቀመጣል።