ሜሴጁ «ተልኳል» ይላል፣ ሰርቨሩ ጋ ግን የለም

ችግር፦ ዩዘሩ ሜሴጅ ይልካል፣ ስልኩ ላይ ቲክ ይወጣል፣ ሰርቨር ሎግ ውስጥ ብትፈልጉ ግን የለም፣ ኤረርም የለም።

ምክንያት፦ ዌብሶኬት (አፑንና ሰርቨሩን ክፍት ሆኖ የሚያገናኝ መስመር) ላይ ሴንድ ብላችሁ ኤረር አልመጣም ማለት ደረሰ ማለት አይደለም፣ የስልኩ በፈር (ዳታ ለመላክ ተራ የሚጠብቅበት ቦታ) ውስጥ ገባ ማለት ብቻ ነው። «ቲሲፒ (ዌብሶኬት ከስር የሚጠቀምበት ዳታ ማጓጓዣ) እኮ አስተማማኝ ነው» የሚል ሰው ብዙ ነው፣ ልክ ነው ግን ቲሲፒ የሚያረጋግጠው ባይቶቹ ማዶ ያለው ማሽን ከርነል (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ጋ መድረሳቸውን ነው እንጂ የናንተ ኮድ አንብቦ ዳታቤዝ ውስጥ መፃፉን አያውቅም። ኔትወርኩ መሃል ላይ ፀጥ ብሎ ሲጠፋ ደሞ ሊኑክስ በዲፎልት ሴቲንጉ ተስፋ ቆርጦ ኤረር እስኪሰጣችሁ 15 ደቂቃ አካባቢ ሊፈጅ ይችላል፣ እስከዛ አፑ ሁሉም ሰላም ነው ብሎ ቁጭ ይላል።

መፍትሄ፦ ከመላካችሁ በፊት ሜሴጁን ስልኩ ላይ ኤስኪውላይት (አፑ ውስጥ የሚቀመጥ ትንሽ ዳታቤዝ) ውስጥ «ያልደረሰ» ብላችሁ ፃፉት። ሰርቨሩ መጀመሪያ ዳታቤዝ ላይ ኮሚት ያድርግ (ፅፎ ያፅና)፣ ከዛ «ተቀብያለሁ» ይበል። ቅደም ተከተሉን እንዳትገለብጡት፣ መልሱን አስቀድሞ ልኮ ኮሚት ሳያደርግ ክራሽ ካደረገ ሰርቨሩ ጋ ሜሴጁ የለም፣ ስልኩም ደርሷል ብሎ ድጋሚ አይልከውም ማለት ነው። ቲክ የሚወጣው ያ መልስ ሲመጣ ብቻ፣ ካልመጣ ድጋሚ ይላካል።

ችግር፦ አሁን ደሞ ድጋሚ ስለሚላክ አንድ ትዕዛዝ ሁለት ጊዜ ገባ።

ምክንያት፦ ታይምአውት ሲመጣ (መልስ ሳይመጣ የመጠበቂያው ጊዜ ሲያልቅ) የጠፋው ጥያቄው ይሁን መልሱ ክላይንቱ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ሰርቨሩ ሰርቶ ጨርሶ መልሱ ብቻ መንገድ ላይ ከቀረ ሪትራዩ (ድጋሚ የተላከው) ሁለተኛ ትዕዛዝ ይሆናል፣ ክፍያ ከሆነ ደሞ የሰው ብር ሁለቴ ተቆረጠ ማለት ነው።

መፍትሄ፦ ሰውየው በተኑን ሲጫን ስልኩ ላይ አንድ ዩዩአይዲ (የማይደገም መለያ) ፍጠሩና ከሜሴጁ ጋ አብራችሁ አስቀምጡት፣ ሰርቨሩ ጋ አይዲው የሚገባበት ኮለም ላይ ዩኒክ ኮንስትሬይንት (ያው አይዲ ሁለቴ እንዳይገባ የሚከለክል ደንብ) አድርጉ። ብዙ ኮድ ላይ ያየሁት ስህተት አይዲውን ሪትራይ ፋንክሽኑ ውስጥ መፍጠር ነው፣ በየሙከራው አዲስ አይዲ ከመጣ ምንም አልሰራችሁም። አይዲው ድጋሚ ሲመጣ ደሞ ኤረር አትመልሱ፣ የመጀመሪያውን መልስ ራሱን ስጡት።

ችግር፦ ኮኔክሽኑ ዝም ሲባል በየ1 ደቂቃው ይቋረጣል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ከሰርቨራችሁ ፊት ቆሞ ትራፊኩን የሚያስተላልፈው ኤንጂንኤክስ ነው፣ ዲፎልቱ 60 ሰከንድ ምንም ዳታ ካላለፈ ይዘጋዋል። በየ25 ሰከንዱ ፒንግ («አለሁ» የምትል ትንሽ ሜሴጅ) ላኩ፣ የቲሲፒ ኪፕአላይቭ (ዝም ያለ ኮኔክሽን መኖሩን የሚፈትሽ) ላይ እንዳትተማመኑ፣ ሊኑክስ ላይ በዲፎልት መፈተሽ የሚጀምረው 2 ሰዓት ሙሉ ዝም ከተባለ በኋላ ነው።

ሰርቨሩን ሪስታርት ስታደርጉ ሁሉም ክላይንት አንዴ ተንጋግቶ እየመጣ መልሶ የሚጥለው ከሆነ ሪትራዩን 1፣ 2፣ 4፣ 8 ሰከንድ እያላችሁ እስከ 60 አርዝሙት፣ ላዩ ላይም ራንደም ቁጥር ጨምሩበት፣ አለዛ ሁሉም እኩል ጠብቀው እኩል ይመጣሉ።

ቴስት ስታደርጉ ዋይፋይ ማጥፋት ብቻ አይበቃም፣ ስልኩ ኔት እንደሌለ ወዲያው ስለሚያውቅ ቀላሉን ኬዝ ነው የምታዩት። ሰርቨሩን ኮሚት ካደረገ በኋላ መልስ ሳይልክ በፊት ግደሉት፣ መልሳችሁ አስነሱትና ሪትራዩ እስኪመጣ ጠብቁ። ዳታቤዙ ውስጥ አንድ ረድፍ፣ ስልኩ ላይ አንድ ቲክ ካያችሁ ሰርቷል።