ቶርኔዶ ወደ ኮሌጅ ግቢ ሲቃረብ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ከኦክላሆማና ካንሳስ እስከ አላባማና ቴነሲ ባሉ የአሜሪካ ግዛቶች ለመማር የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ቶርኔዶን፣ ማለትም እየተሽከረከረ የሚያወድም ኃይለኛ አውሎ ነፋስን፣ የሚያውቀው አብዛኛውን ጊዜ በቪዲዮ ብቻ ነው። የክረምት ነጎድጓድና በረዶ ለምዶ ስላደገ ሰማይ መጥቆሩን እንደ አደጋ ላይቆጥረው ይችላል። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች ግን እዚያው ተወልደው ያደጉትም የሚሠሯቸው ናቸው።

የመጀመሪያው ስልክ ላይ የሚመጡትን ሁለት መልእክቶች ማምታታት ነው። «ዎች» (Watch) የሚለው ማሳሰቢያ የአየሩ ሁኔታ ቶርኔዶ ሊፈጥር እንደሚችል የሚያሳውቅ ሲሆን፣ ሰፊ አካባቢን ለብዙ ሰዓታት ይሸፍናል፤ ስልክ ቻርጅ የሚደረገው፣ ጫማ አልጋ አጠገብ የሚቀመጠው፣ መጠለያው የት እንደሆነ የሚረጋገጠው በዚህ ጊዜ ነው። «ዋርኒንግ» (Warning) ሲመጣ ግን ቶርኔዶው በዓይን ወይም በራዳር ታይቷል ማለት ስለሆነ ወዲያው መጠለል ብቻ ይቀራል።

ከሁሉም የከፋው ስህተት ማስጠንቀቂያው ከደረሰ በኋላ ማረጋገጫ መፈለግ ነው። እ.ኤ.አ. ሜይ 22 ቀን 2011 በሚዙሪ ግዛት ጆፕሊን ከተማን የመታው ቶርኔዶ ከ150 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ከአደጋው በኋላ የተደረገው የመንግሥት ጥናት እንዳሳየው፣ የመጀመሪያው የማስጠንቀቂያ ሳይረን ሲጮኽ አብዛኛው ነዋሪ ወዲያው አልተጠለለም፤ ሌላ ምልክት እስኪያገኝ ጠበቀ። ቶርኔዶው በዝናብ ተሸፍኖ ስለነበር ሰማዩን ያየ ሰው እንኳ በቀላሉ ሊለየው አይችልም ነበር። በመስኮት ቪዲዮ እየቀረጹ ለጓደኛ መላክም ያንኑ ውድ ደቂቃ ማባከን ነው፤ በዚያ ላይ መስኮቱ ሲሰበር መጀመሪያ የሚጎዳው ፊት ለፊቱ የቆመው ሰው ነው።

ሳይረን ይቀሰቅሰኛል ብሎ መተኛትም አያዋጣም። ሳይረን የተተከለው ከቤት ውጭ ላሉ ሰዎች ነው፤ ዶርም ውስጥ የተኛ ወይም ጆሮው ላይ ማዳመጫ ያደረገ ተማሪ ላይሰማው ይችላል። ስለዚህ የስልኩ የአደጋ ጊዜ ማስጠንቀቂያ አለመዘጋቱን፣ ኮሌጁ ማስጠንቀቂያ እንዲልክበት የተሰጠውም ቁጥር አሁን በእጅ ያለው መሆኑን ማየት ያስፈልጋል።

በተሳሳተ ቦታ መጠለል ሌላው ስህተት ነው። ጂም፣ አዳራሽና ካፍቴሪያ ጠንካራ ቢመስሉም ሰፊ ጣሪያቸው በጥቂት ድጋፍ የቆመ ስለሆነ ሊደረመስ ይችላል። የሚመረጠው ከመሬት በታች ያለ ክፍል (ቤዝመንት)፣ ከሌለም ከመሬት ጋር እኩል በሆነው ወለል ላይ በሕንፃው መሃል ያለ መስኮት አልባ ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2008 ምሽት በቴነሲ ግዛት ጃክሰን ከተማ የሚገኘው ዩኒየን ዩኒቨርሲቲ በቶርኔዶ ሲመታ፣ የተማሪ መኖሪያዎቹ ፈራርሰው በፍርስራሽ ሥር ለሰዓታት የቆዩ ተማሪዎች ነበሩ፤ ነገር ግን አንድም ተማሪ አልሞተም። ተማሪዎቹ አስቀድመው ወደ ታችኛው ፎቅ ወርደው መታጠቢያ ክፍሎች ውስጥ ባይጠለሉ ኖሮ ውጤቱ እንዲህ ይሆን ነበር ብዬ አላምንም። እዚያም ቢሆን ተንበርክኮ ጭንቅላትንና አንገትን መሸፈን ያስፈልጋል፤ የብስክሌት ሄልሜት ወይም መጽሐፍ የያዘ ቦርሳም ይረዳል።

በመኪና አመልጣለሁ ማለት ደግሞ ሕይወት ያስከፈለ ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 24 ቀን 2001 ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩበት ከሲልቨር ስፕሪንግ በማይርቀው ኮሌጅ ፓርክ ከተማ፣ በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ሁለት እህትማማቾች ቶርኔዶው የነበሩበትን መኪና አንስቶ ወርውሮት ሞተዋል። መንገድ ላይ የተገኘ ሰው በአቅራቢያው ወዳለ ጠንካራ ሕንፃ ይግባ እንጂ ድልድይ ሥር አይቁም፤ እዚያ ነፋሱ ይበልጥ ሊበረታ፣ የሚበር ፍርስራሽም ሊመታው ይችላል።

የአየር ግፊት ሕንፃውን እንዳያፈነዳው መስኮት መክፈት የሚለው የቆየ ምክር ሐሰት ነው፤ ነፋሱንና ፍርስራሹን ከማስገባት በቀር ጥቅም የለውም።

በመጨረሻም ዝናቡ ስላባራ ብቻ መውጣት አይገባም፤ ሌላ ማዕበል ሊከተል ይችላል። ማስጠንቀቂያው ካበቃ በኋላም በባዶ እግር መሄድ፣ የወደቀ የኤሌክትሪክ ሽቦ አጠገብ መድረስ፣ የጋዝ ሽታ ባለበት ክብሪት መጫር አደገኛ ነው። አዲስ አበባ ሆና ዜናውን ለሰማች እናትም አንድ አጭር የጽሑፍ መልእክት ይበቃል፤ የስልክ መስመር ሲጨናነቅ ጽሑፍ ከጥሪ ይልቅ የመድረስ ዕድል አለው፤ መስመሩም እርዳታ ለሚጠሩ ሰዎች ይለቀቃል።